ከዘመቻ የተመለሰው ሰው ሌሊት

በጉና ግርጌ፣ ወታደር የነበረን ሰው ከገዛ እጁ ስለ መጠበቅ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ክምር ድንጋይና ወደ ነፋስ መውጫ የሚያቀና መንገደኛ፣ ጉና ደመናውን እንደ ተከናነበ በአንድ ወገን እየቀረበው፣ የጤፉ ማሳ ቀርቶ ገብሱና ድንቹ አገሩን ሲይዘው፣ ብርዱም ጋቢ የሚያስደርብ ሲሆን፣ ገሳይ መድረሱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብና ጉማራ የሚመነጩበት ተራራ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ተራራውን የሚያስታውሰው በውሃው ብቻ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊትና የኢሕአዴግ ኃይሎች በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ሲዋጉ ጎልማሳ የነበረ ገበሬ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በጋይንት በኩል እስከዚሁ ተራራ ግርጌ ሲደርስ የልጅ ልጁን ወደ ግንባር ሸኝቷል። ከዚያም ወዲህ አገሩ ከተኩስ ድምፅ ፈጽሞ አላረፈም።

ስለዚህ በገሳይ ገበያ ወታደር የነበረ ሰው ብርቅ አይደለም። አንዱ የቀድሞ ሠራዊት ባልደረባ ነው፤ እግሩን እየጎተተ ድንቹን ያወርዳል፣ ከሻይ ቤት ሲገባም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ሌላው ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት ነው፤ የዘመተበት ጦርነት ሌላ፣ ያዘመተው መንግሥትም ሌላ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ሁለቱም ሰላምታ ሲሰጣቸው ብድግ ብለው የሚመልሱ፣ የተጠሩበት ለቅሶ የማይቀሩ፣ ሸክም ላይ የማይለግሙ ሰዎች ናቸው። የሚያስጨንቀው ቀናቸው አይደለም፣ ሌሊታቸው ነው።

ከእነዚህ ወገን አንዱ ራሱን ባጠፋ ጊዜ ወሬው በዝግታ ይሄዳል። ቤተ ሰቡ «ድንገት ታመመ» ይላል፣ ጎረቤት «አረቄው ነው» ይላል፣ ሌላው «ልክፍት ነው» ብሎ ያማትባል፤ ሁሉም እውነቱን በግማሽ ያውቀዋል፣ ሙሉውን ለመናገር ግን የሚደፍር አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለ ተሸሸገው ግማሽ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረውም ይህ ነው፦ ሞትን የሚያስመኘው ሰዓት አላፊ ነው፤ ያን ሰዓት ሰው አብሮት ያሳለፈለት ብዙ ጊዜ በሕይወት ይቀራል።

ፉከራና ሙሾ ያልደረሱለት

የደጋው ሰው ለዘማች ያዘጋጀው የቃል ሀብት ጥቂት አይደለም። ሲሄድ ቀረርቶ፣ ሲመለስ ሽለላና ፉከራ፣ ሳይመለስ ቢቀር ሙሾና ተዝካር አለው። ፉከራው የጣለውን ይቈጥራል፣ ሙሾው የወደቀውን ያነሣል፤ ሳይሞት ተመልሶ ነገር ግን እንቅልፉን ከምሽግ ጥሎ ለመጣው ሰው ግን አባቶቻችን የደነገጉለት የንግግር ወግ የለም። በጠላ ቤት ዋንጫ እየቀዱ «እስቲ ያን ቀን አጫውተን» የሚሉት ሰዎች ሊሰሙ የሚወዱት ድሉን ነው፤ ከጎኑ የወደቀው ጓደኛው ውሃ ሲለምነው ሊያደርስለት ሳይችል መቅረቱን፣ ትእዛዝ ሆኖበት ያደረገው ነገር ከኅሊናው አልወጣ ማለቱን፣ «እኔ ለምን ተረፍሁ?» እያለ ማደሩን አይጠይቁትም፤ እርሱም አይነግራቸውም፣ ጀግና ተብሎ በተቀመጠበት መደብ ላይ ስለ ፍርሃት ማውራት ውርደት ይመስለዋልና።

የዘማች ሚስቶች የሚያውቁት ግን ሌላ ሰው ነው። ከሰው ተለይቶ በእርሻው ዳር ሲቀመጥ የሚውል፣ በትንሽ ነገር የሚቈጣ፣ ማታ ማታ አረቄ የለመደ፣ ሌሊት ላብ አጥምቆት የሚባንን፣ የሠርግ ተኩስ ሲሰማ ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው ነው። ብዙዎቹ በእጅ ሳይነኩት፣ ራቅ ብለው በስሙ እየጠሩ መቀስቀስን ማንም ሳያስተምራቸው ተምረዋል። ምን እንደ ነካው ሲጠየቁም የሚሰጡት መልስ ከሐኪም መጽሐፍ የተሻለ ነው፤ «ጦሩ አብሮት ገባ» ይላሉ።

> «ጀግና ተብሎ በተቀመጠበት መደብ ላይ ስለ ፍርሃት ማውራት ውርደት ይመስለዋልና።»

ቍስሉ ስም ያገኘበት ዘመን

ይህ ደዌ የኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ልባቸው ያለ ምክንያት የሚደልቅባቸውን ወታደሮች አይተው «የወታደር ልብ» አሉት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች መድፍ ያናወጣቸውን ሰዎች በመድፉ ድንጋጤ ሰየሟቸው፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሕሙማን መሆናቸው ሳይታወቅላቸው በፈሪነት ተከሰው ተቀጡ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሠቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት በመዝገቡ ላይ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከቬትናም የተመለሱት ሰዎች ጩኸት ሰሚ ካገኘ በኋላ ነበር። የሕመሙ ጠባይ በአጭሩ ይህ ነው፦ አደጋው ካለፈ በኋላ ሥጋና መንፈስ አደጋው እንዳላለፈ ሆነው ይኖራሉ። ያየውን በሕልም ደግሞ ያያል፤ የሚያስታውሰውን ቦታና ሰው ይሸሻል፤ ጆሮው ሁልጊዜ እንደ ነቃ ነው፤ ደስታም ኀዘንም በልቡ ይደነዝዛሉ።

ይህ ቍስል ያለበት ሁሉ ሞትን ይመኛል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ እንደ ታመሙ ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ አርጅተው ይሞታሉ። በዚያም ላይ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከጦር ግንባር ሳይደርሱ ሠራዊቱን የለቀቁ ሰዎችም ራስን ከማጥፋት አደጋ ነጻ አይደሉም። ስለዚህ የጦርነቱ ትዝታ ብቻውን መልስ አይሆንም። ወታደር ልብሱን ሲያወልቅ ከልብሱ ጋር ብዙ ነገር ያወልቃል፤ መዓርጉን፣ የዕለት ሥራውን፣ በስሙ የሚጠሩትን ጓዶች፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚያስፈልግ ሰው መሆኑን። በዚህ ላይ የማይድን የጥይት ሕመም፣ ዕዳ፣ የትዳር ጠብ፣ አረቄና እንቅልፍ ማጣት ሲደረቡ፣ «ሸክም ሆንሁባችሁ» የሚል ሐሳብ ይወለዳል። ሐሳቡ ሐሰት ነው፤ ለሚያስበው ሰው ግን ከእውነት ሁሉ የጠነከረ እውነት ይመስለዋል። ባለጠጋዪቱ አሜሪካ እንኳ፣ ለተመላሽ ወታደሮች ሆስፒታልና ጡረታ እያላት፣ በየቀኑ ከ17 የማያንሱ የቀድሞ ወታደሮቿን ራስን በማጥፋት እንደምታጣ የራሷ መሥሪያ ቤት ይናገራል።

የጤና ሙያተኞች ደጋግመው የሚያስረዱት፣ ሕዝቡ ግን ገና ያልሰማው አንድ ነገር አለ። ራስን የማጥፋት ቍርጥ ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል የሚነሣና የሚወርድ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚቈይበት ጊዜ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ደቂቃዎች ናቸው። ከዚያ አፋፍ የተመለሱ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አብዛኞቹ በኋላም በዚያ ሞት እንዳልሞቱ አረጋግጠዋል። እንግዲህ «የቈረጠ ሰው ምንም ቢሉት አይመለስም» የሚለው የመንደር ፍርድ ስሕተት ነው፤ ይህ ስሕተት ደግሞ ነፍስ ያስጠፋል።

የመቅደላው ንጉሥና ያልተነገረው ኀዘን

በደብረ ታቦር ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው በዐፄ ቴዎድሮስ ስም ላይ ሳይቆም ሊያልፍ አይችልም። ከተማዪቱ መናገሻቸው ነበረች፤ ጋፋት ሴባስቶፖል የተሠራበት ስፍራ ነው፤ ያን ከባድ መድፍ የጎተተው ሠራዊትም መንገዱን እየቈፈረ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አለፈ። ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን ያጠፉበትን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ቅኔውና ተውኔቱ፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍም ሳይቀር ያን ፍጻሜ የክብር ፍጻሜ አድርገው አስተምረውናል።

ለንጉሡ ያለኝ ፍቅርና አክብሮት ከማንም አያንስም፤ ነገር ግን ግጥማችን የመጨረሻዪቱን ቅጽበት ሲዘምር ከእርሷ በፊት የነበረውን የዐሥር ዓመት ኀዘን ተወው። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሞቱ፤ ወዳጃቸው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ብዙም ሳይቈይ ለእርሳቸው ሲል በጦርነት ወደቀ፤ የታሪክ ጸሓፊዎች የንጉሡን ጠባይ መለወጥ፣ ቍጣቸውንና ብቸኝነታቸውን ከእነዚህ ሞቶች ጋር ያያይዙታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሺህ ወታደር መካከል «ግርማዊ ሆይ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ብሎ ሊጠይቃቸው የሚችል ሰው አልቀረላቸውም ነበር። የመቅደላው በር በጠላት ተሰብሮ ነበር፣ ንጉሡም ከፊታቸው የቀረ ጊዜ አልነበረም። በገሳይ ጎጆ ውስጥ ሌሊት ተነሥቶ የሚቀመጠው ሰው ግን በሩን የሰበረበት ጠላት የለም፤ ጎረቤት አለው፣ ነገ አለው፣ ሐኪም አለው። የእርሱን ሞት ከንጉሡ ሞት ጋር አስተካክሎ ጀግንነት ማለት፣ በእርሱም በንጉሡም ላይ ማላገጥ ነው።

ሠራዊት ሲበተን

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ታላቅ የደርግ ሠራዊት ተበተነ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ሰው፣ ከእርሱም ብዙው በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ውትድርና ምክንያት ከእርሻና ከትምህርት ቤት የተወሰደ፣ ከአሥመራ፣ ከአሰብ፣ ከሐረር እየተነሣ በእግሩና በጭነት መኪና ወደ አገሩ ተመለሰ። የድል አጥቢያ ስላልሆነለት በዘፈን የተቀበለው የለም፤ በየከተማው ልብሱን እየሸጠ የበላ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የለመነ ነበር። ወዲያው በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ወደ ገጠር ለተመለሱት እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ሰጠ። ሥራው በዘመኑ ቀላል አልነበረም፤ መሬትና ዘመድ የቈየው ገበሬ ወታደር ከከተሜው ባልንጀራው ይልቅ በቶሎ ከኑሮው ገባ።

ሞፈርና ዘር ግን እንጀራን እንጂ እንቅልፍን አይመልሱም። «እንዴት ታድራለህ?» ብሎ የጠየቀው መዝገብ ያዥ አልነበረም፤ ሊጠይቅ ቢወድስ ወዴት ይልከዋል? በዚያን ጊዜ አማኑኤል ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባ፣ ለአገሩ ሁሉ ብቸኛ ያህል የአእምሮ ሕክምና ቤት ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። የአእምሮ ሐኪሞች በአገር ውስጥ ይሠለጥናሉ፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታልም የአእምሮ ሕሙማንን በተመላላሽ ያክማል። የሰሜኑን ጦርነት ካቆመው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንደሚመልስ አስታውቋል። መመለስ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ሲጻፍ ትጥቅ ማስፈታትና ገንዘብ መስጠት ይመስላል፤ የ1983 ዓ.ም. ተመላሾች ግን፣ ጠጋ ብሎ ለሚሰማቸው፣ ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን የእንኳን ደኅና መጣህ ጠላ ካለቀ በኋላ ያለው ዓመት እንደ ነበረ ይናገራሉ።

> «ሞፈርና ዘር እንጀራን እንጂ እንቅልፍን አይመልሱም።»

ከክትክታው ዛፍ በታች

በዚህ አገር ሰው ጭንቀቱን አስቀድሞ የሚያሰማው ለሐኪም አይደለም፣ ለንስሐ አባቱ ነው። ስለዚህ ካህኑ የሚመልሰው የመጀመሪያ ቃል ክብደቱ ትልቅ ነው። ራስን መግደል ኃጢአት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ይህን መካድ አይቻልም፣ ብዙ ሰውም በዚህ ፍርሃት ተጠብቆ ኖሯል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ነቢዩ ኤልያስን ያሳየናል፤ የበኣልን ነቢያት ድል ካደረገ በኋላ፣ ኤልዛቤል ስትዝትበት ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ፣ ነፍሱን እንዲወስዳት ፈጣሪውን የለመነውን ሰው። ከታላቅ ተጋድሎ በኋላ የመጣ ቀቢጸ ተስፋ ነው፣ የዘማች ድካም ነው። እግዚአብሔርም አልገሠጸውም፤ እንዲተኛ ተወው፣ መልአክም ልኮ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ አበላው። ስለ ሥራው የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ክትክታ በየገደላችን የሚበቅል ዛፍ እንደ መሆኑ፣ ይህ ታሪክ በየሰንበቱ ቢሰበክ ሰሚው ከበረሃ ማዶ የሆነ ነገር አይመስለውም።

ራሱን ላጠፋ ሰው በሚደረገው ፍትሐት ነገርም የአባቶች ሕግ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይልቅ ርኅሩኅ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ፣ ራሱን ስላጠፋ ሰው ሲጠየቅ፣ ሰውዬው ከአእምሮው ውጭ ሆኖ እንደ ሆነ መሥዋዕት ሊቀርብለት እንደሚገባ፣ ካህኑም በችኮላ ሳይፈርድ ነገሩን አጥብቆ እንዲመረምር መልሷል። አስተዋይ የሆኑ የደብር አለቆች ዛሬም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ቤተ ሰቡን ጠርተው፣ እንቅልፉን፣ ንግግሩን፣ የመጨረሻ ወራቱን ይመረምራሉ። ሕመሙን ሕመም ብሎ የሚጠራ ካህን፣ ለሞተው ከሚያደርገው ይልቅ በሕይወት ላለው የሚያደርገው ይበልጣል፤ የሟቹ ወንድም፣ ልጁም፣ ያው ሕመም ሲሰማቸው ለመናገር አፋቸው ይፈታልና። የመንግሥት ሕግም ቢሆን በዚህ ይስማማል፤ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውንና የረዳውን እንጂ ሞክሮ የተረፈውን ምስኪን አይደለም።

«ፀበል ወይስ መድኃኒት?» የሚለው ክርክርም አስቀድሞ መልስ አግኝቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤድስ ሕሙማን ፀበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ አስተምረው ነበር። ለነፍስ ቍስል የተለየ ሕግ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠመንጃው ማን ዘንድ ይደር?

በጋይንትና በፋርጣ ጠመንጃ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ርስትን ማስከበሪያ፣ የአባት ስም ማስጠሪያ፣ በሠርግና በለቅሶ የሚያዝ ጌጥ ነው። «ጠመንጃህን አምጣ» ማለት ለብዙ ሰው «ወንድነትህን አምጣ» እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከጭንቅ ሰዓት የሚያተርፈው ዋናው ነገር፣ ሰዓቲቱ ስትመጣ ገዳዩ ነገር በእጅ አለመገኘቱ እንደ ሆነ በብዙ አገር ተፈትኖ ታውቋል። የእስራኤል ጦር እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣት ወታደሮቹ ለሰንበት ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መሣሪያቸውን በጦር ሰፈር እንዲተዉ ባዘዘ ጊዜ፣ በመካከላቸው ራስን ማጥፋት 40 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ የቀነሰውም በሰንበት ቀን ነበር። ስሪ ላንካም እጅግ መርዛም የሆኑ የተባይ መድኃኒቶችን ከገበያ ባስወጣች ጊዜ ብዙ ሺህ ነፍስ ተረፈ። የእኛም ገበሬ የእርሻ መርዝ በቆጥ ላይ ያኖራልና ነገሩ ከወታደሩ አልፎ ለቤቱ ሁሉ ይሆናል።

መሣሪያን በጉልበት መንጠቅ ግን ጠብ ይወልዳል፤ አገሩ ራሱ የተሻለ መንገድ አለው። በዚህ ምድር አደራ ይከበራል። አጎት ወይም የክርስትና አባት ወይም የታመነ የጦር ጓድ «ይህ ወራት እስኪያልፍ እኔ ዘንድ ይደር፤ ስትድን በእጄ አስረክብሃለሁ» ቢለው፣ ክብሩ ሳይነካ ሌሊቱ ይጠበቃል። ከሁሉ የጦር ጓዱ ቢለው ይመረጣል። እርሱ በምሽግ ሌሎች ተኝተው ተራ ዘብ የቆመ ሰው ነው፤ አሁን ለእርሱ ተራ ዘብ የሚቆሙለት ወራት ቢመጣ ሊያፍርበት አይገባም።

መጠየቅስ? ብዙ ሰው «ሞትን አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ያላሰበውን ማሳሰብ ይመስለዋል። አይደለም። በፍቅርና በግልጽ የተጠየቀ ሰው ሐሳቡ እንደማይጨምር፣ ይልቁንም እንደሚቀልለት የተመረመረ ነገር ነው። «ይብቃኝ» ሲል፣ «ልጆቼን አደራ» ሲል፣ ያለውን ማደል ሲጀምር፣ ከረዥም ጭንቀት በኋላ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ጥያቄው ሊዘገይ አይገባም፤ በዚያች ሌሊትም ብቻውን አይተው። ይህን የሚያነብ፣ ራሱም እንዲህ ያለ ሌሊት የሚያሳልፍ ሰው ቢኖር፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው በስሙ ጠርቶ ይንገር፤ ከሰው ቤት ይደር፣ ሲነጋም አብሮት የሚሄድ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሕመሙ የሚታከም ሕመም ነው።

ጀሮም ሞቶ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበረ፤ በግንባር ሳለ ከአንዲት ልጅ የሚደርሰው ደብዳቤ ምን ያህል እንዳጽናናው አልረሳም። በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ በዚህ ጭንቀት ታክመው ከሆስፒታል ወጥተው ሕክምናውን የተዉ ሰዎችን አሰበ፤ ከእነርሱም ለእኩሌቶቹ «እንደምን ነህ፣ አስበንሃል» የሚሉ፣ ምንም የማይጠይቁ አጫጭር ደብዳቤዎች ለ5 ዓመት ያህል ላከ። ደብዳቤ ከደረሳቸው ወገን ራሱን ያጠፋው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት፣ ካልደረሳቸው ያነሰ ሆነ። መድኃኒቱ ቴምብር ብቻ ነበር።

በገሳይ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ዕድር አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ትዞራለች። ዕድር ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚቆፍር በስም የሚያውቅ ማኅበር ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከዘመቻ ለተመለሰውም ቢደነገግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በዚህ ሳምንት ማን ቡና ይጠራዋል፣ በሚቀጥለው ማን እርሻው ድረስ ወርዶ ይጠይቀዋል፣ ጠመንጃው ማን ዘንድ ነው፣ የመድኃኒቱ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ደብረ ታቦር ድረስስ ማን አብሮት ይሳፈራል? የዕድሩ ጸሓፊ መዝገቡን ገልጦ እነዚህን ስሞች ለመጻፍ የሚፈጅበት ጊዜ ለአንድ ቀብር ከሚፈጅበት ያነሰ ነው።